«ጨጓራ ነው» ባዮች

ከታመመ ሰው ሕመሙን የሚደብቁ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ ቤት አንድ አለ፤ አጎቴ ጋሽ በቀለ።

አባቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። ሰመራ ስናሳክመው ሐኪሙ እኔንና አጎቴን ለብቻችን ጠርተው፣ «የጉበት ካንሰር ነው» አሉን። እንዳስረዱን፣ የካንሰሩ ሴሎች ገጽ ላይ «እደግ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ፤ እነሱ አላርፍ ሲሉ ዕጢው ያድጋል። ያዘዙለት ኪኒን እነሱን ስለሚገታ በየቀኑ መዋጥ አለበት።

አጎቴ ወጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጨጓራ ነው አሉ፣ ወንድም ጋሼ!»

አባቴም ሆዱን ቀለል ሲለው ኪኒኑን ተወ። ለጨጓራ ማን ዕድሜ ልኩን ይውጣል? አጎቴ ግን እርጎ ይዞ እየመጣ፣ «ጨጓራህ እንዴት አደረ?» ይላል። ዕጢው እያደገ እርጎ! ደሜ ፈላ። ለሰው ቀና ብዬ መናገር የማልችለው እኔ፣ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት።

አባቴም፣ «እኛ እንኳ ባቡር ሲዘገይ ለተሳፋሪው እንነግር ነበር» አለ። «አምጪው ኪኒኑን።»

ከዋጠው በኋላ እጄን ያዘኝ። «ማወቄን ለበቀለ እንዳትነግሪው። እሱ ደንጋጣ ነው።»

ይኸው፣ እኔንም ደባቂ አደረጉኝ!