ጢጥ የሚሉት ጋሽ ምሥጋናው

በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከኃላፊው የሚበልጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ጥበቃው ግን ሁልጊዜ አለ። ይማርሽ መዝገብ ቤት በምትሠራበት የላሊበላ ጽሕፈት ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ምሥጋናው ነበሩ።

ክቡርነታቸው የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉም። ጥበቃው በኮንትራት ለኤጀንሲ ከተሰጠ ወዲህ፣ በየጨረታው የደንብ ልብሳቸው ቀለም ይቀየራል እንጂ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። "ኤጀንሲ እንግዳ ነው፤ በሩ የኔ ነው" ይላሉ።

የመፈተሻ መሣሪያቸው ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። መሥሪያ ቤቱ "ኤጀንሲው ይግዛ" ይላል፤ ኤጀንሲው "ውላችን ላይ የለም" ይላል። ጋሽ ምሥጋናው ሁለቱ እስኪስማሙ አልጠበቁም፤ ድምፁን በአፋቸው ያሰማሉ። የይማርሽን ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ቢሆንም በየጠዋቱ እጇን ወደ ላይ አስነሥተው ይፈትሿታል። በሥራ ሰዓት ደግሞ አንቱ ነው የሚሏት።

"ጢጥ! ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነው፣ አበልጅ።"

"እዚህ በር ላይ አበልጅ የለም። ይለፉ!"

አንድ ቀን ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ መጡ። ጋሽ ምሥጋናው ቆባቸውን አውልቀው የቄሱን የእጅ መስቀል ተሳለሙና "ጢጥ!" አሉ። "ብረት ነው፣ አባታችን። ከባረኩኝ በኋላ እዚህ ያስቀምጡት።"

"ገነትን የሚጠብቀው መልአክም እንዲህ አይፈትሽም!" አሉ ቄሱ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

ዘንድሮ ጨረታውን ሌላ ኤጀንሲ አሸነፈ። ነባር ጥበቃ የሚቀጥለው ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አይቶ ከወደደው ብቻ ነው ተባለ። ይማርሽ ጭንቅ ያዛት።

"በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ብለው ያሳልፉት" ብላ ለመነቻቸው።

ሰውዬው በመኪና ደረሰ።

"መታወቂያ!"

"ሆቴል ረስቼዋለሁ። እኔ እኮ ቀጣሪህ ነኝ!"

"ቀጣሪ ነኝ ያለ ሁሉ ቢገባ ይሄ በር ምን ይሠራል? አምጥተው ይግቡ።"

ሰውዬው ሄዶ ተመለሰ፤ ይዞ የመጣው ግን ሌላ ጥበቃ ነበር።

በማግስቱ አዲሱ ጥበቃ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ "ግቢ፣ እህቴ" አላት። ይማርሽ ግን እጇን ወደ ላይ አንሥታ ቆማ ቀረች። ጥበቃው ግራ ገብቶት ያያታል። ያን ሁሉ ዓመት ያማረራት ፍተሻ በአንድ ቀን ይናፍቀኛል ብላ አላሰበችም።

ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡት ጋሽ ምሥጋናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጢጥ!"

"ቁልፍ ነው፣ አበልጅ" አለች፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

"እለፊ፣ አበልጄ" አሏት።