ውሃ ያላየው ጀልባ

ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ የሚሠራ ሰው ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ዞሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መልስ ፈለግኩ፤ አጣሁ። እናቴ ግን ስጠይቃት አላመነታችም።

«ባሌ ይባላል» አለችኝ።

ሰው ከአባቱ የማይወርሰው የለም፤ አንዱ አፍንጫ ይወርሳል፣ ሌላው ቁጣ። የቡና መሬት የሚወርሱም ነበሩ፤ የመሬት አዋጁ ሲወጣ እነሱም አፍንጫና ቁጣ ብቻ ቀራቸው። እኔ የወረስኩት ጀልባ ነው። አዋጁ ስለ ጀልባ ያለው ነገር የለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጀልባ ይኖራል ብሎ ማን ያስብ!

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ወደብ አናጢ ነበር። እናቴን አግብቶ አገሯ ሲገባ ባሕሩን እዚያው ትቶ ናፍቆቱን ይዞ መጣ። ከዋንዛ እንጨት፣ ከነምሰሶው ከነሸራው፣ ጓሯችን ውስጥ ጀልባ ሠራ። «ጋምቤላ ወስጄ ባሮ ላይ እለቀዋለሁ» ይል ነበር። መኪና ሲገኝ መንገዱ ይጨቀያል፤ መንገዱ ሲደርቅ መኪናው ይታጣል። እንዲህ ሲል ኖሮ እሱ ወደማይቀረው ሄደ፣ ጀልባው ምሰሶው ተነቅሎ ተደፍቶ ቀረ። ሥሩ ዶሮዎች ጫጩት ይፈለፍሉ ጀመር።

ተመርቄ እዚያው መምህርት ሆኜ ስመደብ «ላድሰው ወይስ ልስጠው?» እያልኩ ከረምኩ። ምን ላድርግ፤ ሱቅ ገብታ ባለሱቁ የሰጣትን ይዛ የምትወጣ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ለስብሰባ አዳራሹ አግዳሚ ወንበር መሥሪያ እንጨት ጠፍቷል። ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጓድ መምህርት፣ ይሄ ነገር ሥራ አለው?»

ዝም አልኩ። ዓይን አፋር ሰው ዝም ሲል እሺ ያለ ይመስላል፤ ስንት ነገር እንዲህ አምልጦኛል! ያን ቀን ግን በየእሑዱ አባቴ ላይ ተቀምጬ ያንን የማያልቅ ስብሰባ ስሰማ ታየኝ።

«ይ… ይንሳፈፋል» አልኩ።

«ከተንሳፈፈ ያንቺ። ካፈሰሰ ወንበር ይሆናል። ይፈተሽ!»

የት ይፈተሽ? ባሮ ሩቅ ነው። መላውን ያመጣው አናጢው ጋሽ ጳውሎስ ነበር። አዲስ እንስራ የሚፈተሸው ውሃ ተሞልቶ አይደል? ጀልባስ ትልቅ እንስራ ማለት አይደል? የጀልባ ውሃ ከውጭ መሆን እንዳለበት መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ ለማን ልንገር? ሰፈርተኛው ተረባርቦ ጀልባውን አቃንቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ ከምንጭ ዳገቱን እየወጣ ውሃ ገለበጠበት። የቀረውን ያገራችን ዝናብ ሳይጠራ መጥቶ ሞላው። ጀልባው ውሃ ውስጥ ባይገባ ውሃው ጀልባው ውስጥ ገባ።

ሁላችንም ከበን ቆምን። ከጎኑ፣ ወደ ታች ገደማ፣ ቀጭን ውሃ ፊን አለች።

«አፈሰሰ!» አለ ሊቀመንበሩ። «መጋዝ!»

ጋሽ ጳውሎስ መጋዙን ሲያነሣ ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጥታ እንስራዋን ፍሳሹ ሥር ደቀነች።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«እየቀዳሁ! ቦኖ ይገባላችኋል ካልከን ስንት ክረምት አለፈ? ይኸው ገባ። ይሄንንም ልታስቆርጥብን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ ተሰለፉ። ከምንጩ ዳገት የጓሯችን ሜዳ ይሻላል። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኙን አየና መጋዙን አስመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ «ቀበሌያችን በራሱ ጥረት ቦኖ አስገባ» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን፤ መቀመጫ የለማ!

ጀልባው ግን ዕድሳት ይፈልግ ነበር፤ ሳንቃው ይሰነጣጠቃል፣ የላይ ጠርዙም ይበሰብሳል። እናቴ ሸራውን ከቤቱ ክዳን ጋር አገናኝታ የዝናብ መቀበያ አደረገችው። «ነፋስ ይጠብቅ ነበር፤ ዝናብ አገኘ» አለች፤ ስለ ሸራው ይሁን ስለ አባቴ አልጠየቅኋትም። ለኔ ግን በዚያች ቀን ነገሩ ተቆረጠልኝ። ጋሽ ጳውሎስን አስጠራሁት።

መሣሪያውን ዘርግፎ፣ ሙጫውን አሙቆ፣ «በመጀመሪያ ያችን ቀዳዳ ልድፈናት» አለኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ራሴም ደነገጥኩ።

«ሁሉንም አድስልኝ ጋሼ፤ እሷን ብቻ ተዋት!»