ውሃ ሳይመጣ የሚከፈት ቧንቧ

የማይታይ ነገር ማስተማር ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ የአስራ አንድና የአስራ ሁለት ዓመት ልጆች ፊት አቁሙልኝ። ከእነሱ የሚያንሱት የተባሉትን ያምናሉ፤ ከፍ ያሉት ባያምኑም ለይሉኝታ ዝም ይላሉ። እነዚህ መሃል ላይ ያሉት ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ። እኔን እዚህ አዳማ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ያደረገኝ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እምቢ ማለት አለመቻሌ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ እምነት ላስተምር ቆምኩ። «ነፋስን አይታችሁት ታውቃላችሁ?» አልኩ፣ «አናውቅም» እንዲሉኝ አስቤ። ናሆም እጁን አወጣ።

«አዎ መምህር። እኛ ሰፈር አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው።»

የአዳማን ነፋስ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ያዳነችኝ ሲፈን ናት። «መምህር፣ እንደ ቧንቧ ማለት ነው አይደል? እማዬ ውሃ ሳይኖር ከፍታ ባልዲ ትደቅንበታለች። ሲመጣ ዘግተን እንዳያገኘን ትላለች።»

በከተማችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ደስ ሲለው ይቀራል። ክፍሉ በሙሉ «እኛም! እኛም!» አለ። በምሳሌው ተደስቼ ሳላበቃ ሲፈን ጨመረች፦ «የእርስዎስ ክፍት ነው?»

ጥያቄዋን ዘልዬ «እንቀጥል» አልኩ።

ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ባለቤቴ አራስ ናት። ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፣ የሕፃኑ ጨርቅ ተከምሯል፣ ለመጠጥና ለገንፎ የቀረችን አንዲት ጀሪካን ናት። እሷ ሁልጊዜ ክፈተው ትለኛለች። እኔ ግን ያን ዕለት ጠዋት «ዘጠኝ ቀን ያልመጣ ዛሬ ሊመጣ ነው? ቢመጣስ ግቢውን ሊያጥለቀልቅ?» ብዬ፣ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ነው እምነት ላስተምር የሄድኩት።

ስመለስ የጎረቤቶቼ ደጅ ሁሉ ርሷል። ውሃው መጥቶ ሄዷል። ባለቤቴ የጎረቤት ባልዲ ሲሞላ ከአልጋዋ ሆና ሰምታ፣ የእኛም የሚሞላ መስሏት፣ እግዚአብሔርን አመስግና ተኝታለች። ምን ብዬ ልቀስቅሳት? ባዶውን ባልዲ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። አፈርኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሲፈንና ናሆም ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ለሁለት አንጠልጥለው፣ በላብ ተጠምቀው። ከእናቶቻቸው ጋር አራስ ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር ቤቱን ያውቁታል። አንድ በአንድ መረቅኳቸው፤ እንዲያ ያለ ምስጋና ልቤ ውስጥ መኖሩንም አላውቅም ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚሉ መጥተው ቢያዩ! ልጆች ያመጡት ውሃ ለገንፎውም ለጨርቁም ተርፏል።

«ውሃ እንዳልያዝን ማን ነገራችሁ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

ሲፈን ጀሪካኑን አስቀምጣ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማንም አልነገረን። ባናይም፣ ዘግተውት እንደመጡ አመንን።»

ትምህርቱ ገብቷቸዋል።