ስቶ መፎከር ነውር ነው

ትልቅ ሽጉጥ የያዘ ሰው ዒላማ አይስትም ብሎ የሚያምን ሰው ትልቅ ሽጉጥ ይዞ አያውቅም። ትልቅ ሽጉጥ እንደ ትልቅ ሹመት ነው። ሲያዩት ያስጎመጃል፣ ሲይዙት ክንድ ያዝላል፣ ሲጮህ ደግሞ ከጠላት በፊት ባለቤቱን ያስደነግጣል።

ይህን የተማርኩት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ መሽጎ እኛ ገደል ለገደል በምንኖርበት ጊዜ ነው። ፊታውራሪያችን ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበራቸው። ጥይቱ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው። እሱን ከጋቢው ሥር ደብቆ ከተማ የሚገባ ሰው ፈለጉና ማዶ የወይራ ጉቶ ላይ አንድ ቅል አስቀመጡ። "ለሰው አንድ ጥይት ነው። ቅሉን የመታ ሽጉጡን ይይዛል" አሉ።

እኔ ሽጉጡን አልፈለግሁትም። የፈለግሁት ከተኩሱ በኋላ የሚመጣውን ነበር። በአገራችን ዒላማ የመታ ሰው ስም ይጠራል። "የእገሌ ወንድም!" "የእገሌ አሽከር!" ይላል፤ ሰውም ቆሞ ይሰማዋል። የሳተ ግን አፉን ይዘጋል። ስቶ መፎከር ነውር ነው፤ ስቶ የፎከረ ሰው ሲሞት እንኳ አልቃሿ አትምረውም።

እኔም የምጠራው ስም ነበረኝ። ልጄ አንለይ ይባል ነበር። መዳህ ጀምሮ ነበር። መንደራችን ሲቃጠል ዋሻ ገባን፤ የዋሻው ብርድ ደረቱን ያዘውና ሞተ። በዚያ ቀን ባንዳ ከዋሻው በላይ ይመላለስ ስለነበር ለቅሶ ተከለከለ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀበርነው። ሰውም እንደ ወጉ "ሕፃን ነው፣ እግዜር ይተካል" አለን። እግዜር እንደሚተካ አልጠራጠርም። ግን ማንን እንደሚተካ ጮክ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሽንብራ ስትለቅም፣ ቀና ሳትል፣ "ስሙን እኮ ማንም ጮክ ብሎ አልጠራውም" አለችኝ።

እንግዲህ ቅሉን መምታት ግድ ሆነብኝ። ችግሩ ተኩሼ መትቼ አለማወቄ ነው።

የሚያስተምሩኝ አያ ደምሴ የሚባሉ አሮጌ ወታደር ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። "ተኳሽ አንድ ዓይኑን መጨፈን አለበት፤ ለእኔ እግዜር ጨፍኖልኛል" ይላሉ። ሽጉጡን በሁለት እጄ እንድይዝ አደረጉኝ። ይህን ያየ ሞላ የሚባል ጓደኛችን "ምነው፣ እንስራ ልታወርድ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። አያ ደምሴም "ተወው፣ እሱ በአንድ እጁ ሲስት ያምርበታል" አሉ።

ጥይት ለልምምድ አይሰጥም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ጥይት ግን ፈስሶ አይለቀምም። ስለዚህ አያ ደምሴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያጎረሱ መስለው የጥይት መያዣውን ክብ አሽከርክረው ይሰጡኛል። ጎርሷል ብዬ ምላጩን ስስበው ቀጭ ይላል፤ ባዶ ነው። አፈሙዙ ግን ጥሬ እንዳየች ዶሮ ወደ መሬት ይደፋል።

"አየህ? ሽጉጡ አልዘለለም፤ የዘለልከው አንተ ነህ" አሉኝ። "ምን እያሰብክ ነበር?"

"ስም ልጠራ" አልኳቸው።

"በእኛ አገር የሚስት ሰው ሁሉ የሚስተው በዚህ ነው። ጥይቱ ሳይወጣ ፉከራው ይወጣል። ይልቅ ተንፍስ፤ ግማሹን አስቀርተህ ያዝ። ቅሉን ተወው፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉብታ እያት። ምላጩን እንደ ላም ጡት ቀስ ብለህ ጭመቀው። ሲጮህ ያስደንግጥህ እንጂ አትጠብቀው። ባልጠበቁት ነገር እጅ አይንቀጠቀጥም።"

ሌላው ሁሉ ልክ ነበር። ባልጠበቁት ነገር እጅ አይንቀጠቀጥም ያሉት ግን ልክ አልነበረም። እኔ ያልጠበቅሁት ነገር መጥቶብኝ እጄ ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ግን አሮጌ ሰው ነበሩና አልተከራከርኳቸውም።

ቀኑ ደረሰ። ሞላ ቀደመ። ደረቱን ነፍቶ፣ በአንድ እጁ፣ "የጎበዜ ወንድም!" ሲልና ሲተኩስ አንድ ሆነ። ከቅሉ በላይ ከገደሉ ድንጋይ ተፈረከሰ። ሞላ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀመጠ።

እኔ ተነሣሁ። በሁለት እጄ ያዝኩ። ተነፈስኩ። ጉብታዋን አየሁ። ያን ጊዜ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ልጄን ረሳሁት። አያ ደምሴ ያልነገሩኝ ይህን ነው፤ ለካ ለመምታት መርሳት ያስፈልጋል። ሽጉጡ ጮኸ፣ እኔም ደነገጥኩ፣ ቅሉም ጉቶው ላይ አልነበረም።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

"ጥራ እንጂ!" አለ ሞላ፣ የራሱን ኀፍረት ረስቶ። "መትተሃል እኮ!"

ይህን ጊዜ ከጣሊያኖቹ ምሽግ መድፍ አጓራ። ተኩሳችንን ሰምተዋል። ሁላችንም በሆዳችን ተደፋን። ጉንጬ አፈር ላይ እንዳለ "የአንለይ አባት!" ብዬ ጮኽኩ። መድፉ ደገመ፤ ከአጠገቤ የተኙት አያ ደምሴ እንኳ አልሰሙኝም። የመድፉ ጥይት ከእኛ ርቆ ሰው አልባ ገለባ ማሳ ላይ አቧራ አስነሣ። ጣሊያን ግን ደጋግሞ አጓራ።

ሽጉጡን ይዤ ስመለስ ጥሩወርቅ ሽጉጡን አላየችውም።

"ጠራኸው?" አለች።

"ጠራሁት።"

"ሰው ሰማ?"

"መድፍ ተተኩሶለታል" አልኳት።

በአገራችን መድፍ የሚተኮሰው ለንጉሥ ነው። ጥሩወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ አወጣችና ያን ቀን የቀረውን ለቅሶ አለቀሰች። መድፉ አንድም ነገር እንዳልመታ አልነገርኳትም። ስቶ መፎከር ነውር መሆኑን ጣሊያን የት ያውቃል።