የቦኖው አፍ ዳኛ

በየሰፈሩ የሰው አፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የራሱ በር ሳይዘጋ ቢያድር ግድ የለውም፤ የጎረቤቱ አፍ ተከፍቶ ካየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ደሴም ሞልተዋል፣ ኮምቦልቻም ሞልተዋል፤ ሌላውም አገር ያለ እነሱ የሚያድር አይመስለኝም። ሁሉም ተሰብስበው ቢመጡ ግን ለኛዋ ለእትዬ ሳፊያ ጀሪካን ተሸካሚም አይሆኑም።

ክብርት ዳኛ እትዬ ሳፊያ የሚያስችሉት ከፒያሳ በታች ባለችው የሰፈራችን ቦኖ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ትመጣለች፤ መጣች ሲባል ሰፈሩ በሙሉ እንስራውንና ጀሪካኑን ይዞ አንዷን ቧንቧ ይከባል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሰው በርዶት፣ ወረፋው ተቀድሞ፣ እንዴት አይሳደብ? እንሳደብ ነበር፤ ያውም አሳምረን። እናቴ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ «የዚች ልጅ ምላስ ሽንኩርት ይከትፋል» ትለኝ ነበር።

እትዬ ሳፊያን ማንም አልሾማቸውም። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በወረፋ ተጣልተው እንስራ ሲሰባበሩ አዩና ቧንቧው አጠገብ ቆመው ሕግ አወጁ፤ «ከዛሬ ጀምሮ የተሳደበ ዕቃውን አንስቶ ከሁሉም ኋላ! አፉ በሉኝ ሳይል ደግሞ ጠብታ የለም።» ሳቅንባቸው። በሳምንቱ ግን የሚስቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ቢያንስ አንዴ ኋላ ተሰልፈን አይተነዋላ።

በፍርዳቸው አድልዎ የለም። በከንቱ «ወላሂ» ያለችም፣ በከንቱ «ማርያምን» ያለችም እኩል ትሄዳለች። የገዛ እህታቸውን ልጅ «ደደብ» ስላለች በአንድ ጠዋት ሁለቴ አመላልሰዋታል።

እኛ ደግሞ በዋዛ የምንሸነፍ አይደለንም። «ድፍት በይ» ሲከለከል «እንስራሽ ድፍት ይበል» አልን። ሁለት ቀን አሰቡበትና ፈረዱ፤ «እንስራን መርገም ባለእንስራዋን መርገም ነው። ወደ ኋላ!» «ጅብ ይብላሽ» ሲከለከል «ያ የሚያነክሰው ያግኝሽ» አልን። «ስሙን ባትጠሪውም እሱ ይሰማሻል። ወደ ኋላ!» የፍርዳቸው ማሰሪያ ሁሌም አንድ ነው፤ «ስድብ ነጠላ ቢለብስም ስድብ ነው!»

ትልቁ ጣጣ የመጣው በሐርቡ ነው። «ጀሀነም ግቢ» ሲከለከል አንዷ ብልህ፣ እኔው ነኝ ምን እደብቃለሁ፣ «ሐርቡ ውረጂ!» አልኩ። ሐርቡ ቆላ ነው፤ የደሴ ሰው ወርዶ ላብ ሳያጠምቀው የተመለሰ የለም። ቃሉ በአንድ ሳምንት ሰፈሩን አዳረሰ። ትንሽ የተቀየመች «ኮምቦልቻ ውረጂ» ትላለች፣ ግማሽ መንገድ ነዋ፤ የመረራት ሐርቡ ድረስ ትሰዳለች። እትዬ ሳፊያ ደረሱበትና ሐርቡ በአዋጅ ተከለከለ።

ይኸኔ ጣይባ የምትባል፣ እኛ ሰፈር ያገባች የሐርቡ ልጅ፣ እህቷ ወለደችና ለጓደኛዋ «ነገ አብረሽኝ ሐርቡ ውረጂ» አለቻት።

«ጣይባ፣ ወደ ኋላ!»

«ኧረ እትዬ ሳፊያ፣ እህቴ ወልዳ ነው!»

«እንኳን አላህ በሰላም ገላገላት። አገሩን ሳትጠሪ ንገሪያት።»

«አገሬ እኮ ነው! አገሬን ታዲያ ምን ልበለው?»

ክብርት ዳኛ ነጠላቸውን አጣፉና «ለጊዜው… ታች አገር በይው» አሉ። ታች አገር ሆኖ ቀረ። መናኸሪያ ሄደን «የታች አገር መኪና የቱ ነው?» ስንል ረዳቱ ያፈጥብናል።

እንዲህ እየሳቅን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ገባ፤ ሳቁም አለቀ። አዲስ ስድብ መጣ። ይኼኛው በሬዲዮ የሚነገር፣ በስብሰባ የሚጨበጨብለት ነው። ጅብ ይብላሽ ስንባባል በኖርንበት ዘመን ማንንም ጅብ አልበላም። በዚህኛው ቃል የተጠራ ግን ቤቱ አያድርም።

ፈንታሁን የሰፈራችን ልጅ ነው። አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ወረፋ አይጠብቅም። አንድ ጠዋት መጣና ጀሪካኑን ከገበያነሽ እንስራ ፊት ደቀነ። ገበያነሽ ባሏ የሞተባት፣ ፈትል ሸጣ የምታድር ሴት ናት። አንድ ልጇ ከትምህርት ቤት ከቀረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የት እንዳለ አንጠይቃትም፣ አትነግረንም።

«ተራዬ ነው፣ ፈንታሁን» አለችው።

«የአናርኪስት እናት ተራ የላትም!»

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። እኔ ምላሰኛዋ የእንስራዬን ጆሮ እቆጥር ነበር። ሁለት ነው።

«ፈንታሁን፣ ወደ ኋላ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሳፊያ ናቸው።

«ምን?»

«ሰደብካት። ዕቃህን አንሳ።»

«ይሄ ስድብ አይደለም፣ የፖለቲካ ቃል ነው!»

«እኔ መሃይም ነኝ፣ ፖለቲካውን አላውቅም። ስድብ ግን አውቃለሁ። ፊቷን እያት እስቲ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብዮቱን ነው የምትቃወሚው?»

«አሁን ደግሞ እኔን አንቺ አልከኝ። ሁለት ሆነ።»

ይህን ብለው ጀሪካኑን በገዛ እጃቸው አነሱት። ያን ሁሉ ዕቃ አልፈው ሄደው ከሁሉም ኋላ አስቀመጡት። የባለጠመንጃ ጀሪካን!

ሳይረፍድ ሁለቱንም ቀበሌ አስገቧቸው፣ እትዬ ሳፊያንም ገበያነሽንም። በማግስቱ ቦኖ ላይ የነበርነው ሁሉ ለምስክርነት ተጠራን። ገበያነሽ ከቀበሌ ወደ ላይ ከተላለፈች እንደማትመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ለማስተላለፍ ደግሞ ከከሳሹ ሌላ የምስክር ቃል ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ምን ተብላ ተጠራች፣ ልጇስ ምንድን ነው፣ ማን ያውቃል? አንዳንዱ ቀበሌ ወረቀትም አይጠይቅ ነበር። የኛው ሊቀመንበር የወረቀት ሰው መሆኑ እድላችን ነው። ብዕሩን አዘጋጀና መጀመሪያ ጣይባን ጠራት።

«ፈንታሁን ገበያነሽን ምን አላት?»

«ያንን ቃል አልናገርም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለምን?»

«ወረፋ ያስለቅቃል።»

«እዚህ ቀበሌ ነው እንጂ ቦኖ ነው እንዴ!»

«ነገ የምቀዳው ከዚያው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሺ፣ ልጇ ምንድን ነው?»

«ወንድ ነው።»

ማንም ተማክሮ አልነበረም፤ በሩ ላይ ቆመን ስንሰማ ግን ሁላችንም ገባን። ሁለተኛዋ ገባችና «ያ ነገር ነው ያላት» አለች። «የቱ ነገር?» ሲላት «ያ ነዋ!» አለችው። ሦስተኛዋ «ያ ነገር» አለች። አራተኛዋ፣ የሰባት ወር እርጉዝ፣ «ያ ነገር» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«አንቺስ? ምላሰኛ ነሽ አሉ።»

«ነበርኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እትዬ ሳፊያ አስተዉኝ።»

አሥራ ዘጠኝ ሴት ገብታ ወጣች። ወረቀቱ ላይ ከ«ያ ነገር» ሌላ የረባ ነገር አልተጻፈም። ሊቀመንበሩ አንዴ ገለበጠው፣ አንዴ መለሰው። ይህን ወደ ላይ ቢልክ የሚሳቀው በሱ ነው። በመጨረሻ ቀደደውና ጮኸ፤ «ውጡልኝ! እነዚያንም ሁለቱን ይዛችሁ ውጡልኝ!»

በነጋታው ውሃ መጣች። ገበያነሽ እንስራዋን ቧንቧው ሥር ደቅና ቀና አለች።

«እትዬ ሳፊያ፣ የእርስዎን ውለታ እኔ በምን…» ብላ ሳትጨርሰው እንባዋ ቀደማት።

እትዬ ሳፊያ ፊታቸውን ወደ ጦሳ አዞሩ። «ገበያነሽ» አሉ፣ «ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ለሚቀጥለው ልቀቂ።» ድምፃቸው ግን የዳኛ ድምፅ አልነበረም።

እትዬ ሳፊያ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። እኔም አርጅቻለሁ፣ ምላሴም ዶልዱሟል፤ ክፉ ቃል ከአፌ ከወጣ ስንት ዘመኑ። ባለፈው ግን አንድ ጎልማሳ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የድሮውን ሰፈር ሲያወራ፣ «ያቺ የቦኖዋ ነገረኛ አሮጊት» ብሎ አነሳቸው። ድንኳኑ ጸጥ እስኪል መለስኩለት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።