የቅመማ ቅመም ቋሚ ኮሚቴ ታላቅ ድል

እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያስተዛዝናል። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የሚገኘው እድር ግን እንዲህ ባለ ተራ ሥራ መወሰን ክብሩን እንደማይመጥን በመረዳት፣ አባላቱን ከመቅበር ወደ አለመቅበር የሚያሸጋግር የቅመማ ቅመምና የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ አቋቋመ። ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት አቶ መንገሻ ናቸው። ለዚህ ከባድ ኃላፊነት ያበቃቸው የትምህርት ዝግጅት ሃያ ሁለት ዓመት የኤርፖርት ሻትል መንዳትና ሁለት ወር የስልክ ቪዲዮ ማየት ነው።

ሳይንሱ ወደ ቤታቸው የገባው አንድ ቅዳሜ ነው። አቶ መንገሻ ሚልፒታስ ከተማ ሰው አድርሰው ሲመለሱ አንድ የህንድ ሱቅ አዩና ጎራ አሉ፤ ሲወጡ አሥራ ስድስት ላስቲክ ይዘው ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቂቱ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ እያነሡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። እርድ። አብሽ። ከሙን። ድንብላል። ቀረፋ። ቅርንፉድ።

"ይኼ እኮ ጓዳችን ሞልቷል" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጫ ላይ የምጨምርልህ እርድ ምን ሆነ?"

"እሱ የወጥ ነው" አሉ አቶ መንገሻ፣ ምሁር ላልተማረ ሰው በሚያሳየው ትዕግሥት። "ይኼ የጤና ነው። ጽሑፉን እይው። ተርመሪክ ይላል።"

ወይዘሮ ወርቂቱ ጽሑፉን አዩት። እውነትም እርዱ በእንግሊዝኛ ተርመሪክ ይላል። ለክርክር የሚሆን ቀዳዳ አልተገኘም።

እስከዚህ ድረስ ማንም የተጎዳ የለም። እርድ ጠጥቶ የሞተ ሰው ወይዘሮ ወርቂቱ ሰምተው አያውቁም፤ የሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥም ቀረፋ ያለበት ሻይ የሚጠጡ የዘጠና ዓመት ሴቶች አሉ። ችግሩ የመጣው አቶ መንገሻ ለዘጠኝ ዓመት የዋጡትን የስኳር ክኒን በክብር ያሰናበቱ ዕለት ነው። "ኬሚካል በቃኝ" ብለው መግለጫ ሰጡ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ ማሽኑ ሁለት መቶ ሰማንያ አለ።

"ቆሻሻው እየወጣ ነው" ሲሉ ተረጎሙት።

ወይዘሮ ወርቂቱ ፈሩ። የታላቅ ወንድማቸው የያለምዘውድ ስኳርም እንዲህ እየተተረጎመ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወስዶታል። አሁን ባላቸው ጫማቸውን ሲያወልቁ የእግራቸውን ጣት ሰርቀው ያያሉ፤ ከቀናት በኋላም አቶ መንገሻ ዓይናቸው ፈዞ ሻትሉን ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ሲያላትሙ አዩና ሌሊቱን እንቅልፍ አጡ።

ምክር ያልሰጠ የለም። ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ራቢዓ፣ የወሎ ልጅ፣ በጨዋ አንደበት ነገረቻቸው። "ጋሼ፣ ቅመሙን ይጠጡ፤ አብሽም ቀረፋም ጥሩ ናቸው፣ ማንም አልከለከለዎትም። ግን ክኒኑንም ይዋጡ።"

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው የእነሱን ነው" አሏት።

ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃቸው ኢየሩስ ደወለች። "ዳዲ፣ ፕሊዝ፣ ጀስት ቴክ ዘ ፒልስ። አይም ሲሪየስ።"

"አንቺ የሀገርሽን ባህል አታውቂም፣ አልፈርድብሽም።"

"ህንድ መቼ ነው ሀገራችን የሆነው?" አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ ከምድጃው በኩል። ይህ ጥያቄ ከአጀንዳ ውጪ ስለነበር መልስ አልተሰጠበትም።

በማግስቱ ወይዘሮ ወርቂቱ ራቢዓ ጋ ደወሉ።

"ልጄ፣ ያ የመንገሻ ዓይነት ክኒን ቢፈጭ ኃይሉ ይጠፋል?"

"የጋሼ ዓይነት አይጠፋም። አንዳንዱ ግን አይፈጭም፣ እየጠየቁኝ ይሁን። ለማን ነው?"

"መዋጥ ላስቸገረው ሰው" አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ አንድ ክኒን ሙቀጫ ውስጥ ይገባል፤ ይወቀጣል፤ ከአብሽ፣ ከእርድና ከቀረፋ ጋር በሞቀ ውሃ ይበጠበጣል። አብሽ መራራ በመሆኑ የሚሸፍነው ነገር ብዙ ነው። አቶ መንገሻ ብርጭቆውን እስከ አተላው ጨልጠው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

"መረረኝ ወርቂቱ። እየሠራ ነው ማለት ነው።"

"እየሠራ ነው" ይሏቸዋል እሳቸው፣ ብርጭቆውን እያጠቡ።

በሦስተኛው ወር የክሊኒኩ ውጤት መጣ። ስኳሩ ወርዷል። አቶ መንገሻ ወረቀቱን በፕላስቲክ አሸጉና አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። ቴሜስካል በተባለው የኦክላንድ ሰፈር የተከራዩት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ፤ ለመዋጮ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

"የተከበራችሁ የእድራችን አባላት" ብለው ጀመሩ። "ዛሬ በእናንተ ፊት የቆመው ሰው ታካሚ አይደለም። ማስረጃ ነው።"

ጭብጨባ። ጸሐፊው አቶ ሰርፀ፣ ራሳቸው የደም ግፊት ያለባቸው ሰው፣ ያዘጋጁትን የውሳኔ ሐሳብ በንባብ አሰሙ። "ማንኛውም አባል በእጁ የሚገኘውን የስኳር፣ የደም ግፊትና ተመሳሳይ ክኒን በሰባት ቀናት ውስጥ በማስወገድ፣ በኮሚቴው ወደተፈቀዱት አሥራ ስድስት ቅመሞች እንዲሸጋገር።" የእሳቸውን አስቀድመው ካቆሙ አሥር ቀን እንደሆናቸው በትሕትና አከሉበት። ጎናቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶችም እኛም እኛም አሉ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ቦርሳቸውን ሳብ አደረጉ። ዝም ቢሉ ይህ ሁሉ ሰው ክኒኑን ሊጥል ነው። ቢናገሩ ደግሞ ባላቸው ከዛሬ ወዲያ ከእጃቸው ውሃ እንኳ አይቀበሉም፤ ያኔ እግሩም ዓይኑም ሄደ ማለት ነው። ድምፅ ወደ መስጠቱ ሲታለፍ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ወርቂቱ፣ ምስክርነት ከውሳኔው በኋላ ነው" አሉ ሰብሳቢው።

"ክኒኑ ውስጡ አለ።"

"የምኑ ውስጥ?"

"ከምትጠጣው። እየወቀጥኩ እጨምርልህ ነበር።" ከቦርሳቸው የክኒኑን ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "እናንተም ልጆች አላችሁ፤ መድኃኒታችሁን እንዳትጥሉ።"



"ሦስት ወር ሙሉ?" አሉ አቶ መንገሻ።

"ሦስት ወር ሙሉ። ጠዋትና ማታ።"

"ባልሽን?"

"አዎ፣ ባሌን። እግርህን ስለምፈልገው።"

አቶ መንገሻ ጠርሙሱን አነሡ።  ይህን መርዝ ያመረተውን ፋብሪካ በስሙ ጠርተው በጉባኤው ፊት ሊያወግዙት መነጽራቸውን አደረጉና የታችኛውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡ። ደገሙት። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ሠለሱት። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

"የተከበራችሁ የእድራችን አባላት" አሉ በአዲስ ድምፅ። "ይኼ ክኒን የተሠራው ህንድ ነው።"

ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ።

"ሰውነቴ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር" ሲሉ ቀጠሉ። "ኮሚቴው ሲፈልገው የነበረው አሥራ ሰባተኛው ቅመም ይኼ ነው።" ወዲያው አንድ ክኒን አውጥተው፣ ሕዝብ እያየ፣ ያለ ውሃ ዋጡ። ለሐኪምም፣ ለነርስም፣ ለልጃቸውም ልመና ያልተከፈተው አፍ ለአንዲት የፋብሪካ አድራሻ ተከፈተ። ወይዘሮ ወርቂቱ አንድ ነገር ሊናገሩ ፈለጉ፤ ግን ባላቸው ክኒኑን ውጠዋል። ተመልሰው ተቀመጡ።

ቤቱ በሙሉ ቦርሳውንና ኪሱን መበርበር ጀመረ። "የኔም ህንድ ነው" ይላል አንዱ፤ "የኔም ተመስገን" ትላለች ሌላዋ። አቶ ሰርፀ ብቻ ለማስወገድ ይዘውት የመጡትን ጠርሙስ ሲያገላብጡ ቆዩና እጃቸውን አወጡ።

"የኔ ኒው ጀርሲ ይላል።"

ሰብሳቢው ጉዳዩን በጥሞና መረመሩት። "ከበድ ያለ ነው" አሉ። "በንዑስ ኮሚቴ ይጠና። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ አቶ ሰርፀ በእርድ ብቻ ይቆዩ። የምትደግፉ?"

"ምን ነካችሁ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ይሞታል" አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ።

"እትዬ ወርቂቱ፣ ሥነ ሥርዓት" አሉ አቶ ሰርፀ፤ በቀኝ እጃቸው ቃለ ጉባኤውን እየጻፉ፣ ግራ እጃቸውን ለድጋፍ ከሁሉም ቀድመው አወጡ።