የሰባት ቀን መድኃኒት ለሰባት ሰው

ሐኪም የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ መድኃኒት አዛዥ የሌለው ግቢ ግን እስካሁን አልተሠራም። ቤት ሲከራዩ ውሃና መብራት መኖሩን ይጠይቁ እንጂ ስለ እሱ አይጨነቁ። ዕቃዎን አውርደው ሳይጨርሱ ራሱ መጥቶ የዓይንዎን ቆብ ገልጦ ያይልዎታል።

የዚህ ግቢ መድኃኒት አዛዥ ክቡር ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጧቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ዕውቀቱን የቀሰሙት ደግሞ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ነው። ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ካዩት የወገቡን ልክም ሕመሙንም ያውቁታል። ራስ ምታት? «እሱማ ታይፎይድ ነው!» ጉልበት? «ታይፎይድ ወርዶ ነው!» አዲሱ ተከራይ ከሚስቱ ተጣልቶ ምግብ ቢያስጠላው፣ «የተደበቀ ታይፎይድ!» ብለው ሁለቱንም አከሟቸው።

ፋርማሲያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ድሮ የሸሚዝና የኮት ቁልፍ በየቀለሙ ይለዩበት ነበር፤ ዛሬ ነጩን ክኒን ከቢጫው፣ ባለ ሁለት ቀለሙን እንክብል ከቀዩ ይለዩበታል። ከግቢው ሰው የሰባት ቀን መድኃኒት የታዘዘለት፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈውን አምጥቶ እዚያ ይከታል። አለመክተት ንፉግነት ነው። ፕሮፌሰርም በየሰዉ ቁመና ልክ ያድላሉ። «አንተ ቀጭን ነህ፣ ሁለት ፍሬ ይበቃሃል። እትዬ ግን ሰፋ ስለሚሉ አራት።» አንዴማ ለአንድ ሰው የታዘዘ የሰባት ቀን መድኃኒት ለሰባት ሰው አዳርሰው፣ ሰባቱም ድነው ግቢው ጉድ አለ። የሰባቱም ሕመም ጉንፋን እንደነበር የተናገረች የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት።

እሷ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«አጎቴ፣ ባክቴሪያው እንዲህ ጥቂት ጥቂት ሲቀምስ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ኋላ የሚያጠፋው ይጠፋል» ስትላቸው፣

«ልጄ፣ አንቺ በማይክሮስኮፕ ታያለሽ፣ እኔ በዓይኔ አያለሁ» ይሏታል።

ባለፈው ክረምት ታይፎይድ በስሙ ሲጠራ ኖሮ አቤት አለ። ፕሮፌሰርን ትኩሳት ያዛቸው። ሁለት ነጭ ዋጡ፤ በረድ አለላቸው፤ ተዉት። ተመለሰ። አራት ቢጫ ዋጡ፤ አሁንም በረደ፣ አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ግራ ጎናቸው ይወጋቸው ጀመር። «ብርድ ነው» አሉ። አንድ ማለዳ የእህታቸው ልጅ ስትነሳ፣ ኮት ሊሰፉለት በሩን በሜትር ሲለኩት አገኘቻቸው። ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ደነገጠች። ይቃዣሉ። ደግፋ ወደምትሠራበት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

«ጣፊያቸው ላይ መግል ቋጥሯል» አለ ሐኪሙ። «የደም ምርመራው ታይፎይድ ይላል፤ እዚህ ቦታ እንዲህ ሲያደርግ ግን ብዙም አያጋጥምም።»

ፕሮፌሰር በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነው ፈገግ አሉ። «አላልኩም? የተደበቀ ታይፎይድ!»

«እስካሁን ምን ምን ወስደዋል?»

ፕሮፌሰር የሐኪሙን ጋዋን ስፌት ይመረምሩ ጀመር።

«አጎቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መግሉ ከፈነዳ ያልቅልዎታል!» ስትል አለቀሰች። ይሄኔ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ተናዘዙ።

በመርፌ ከተቀዳው መግል ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ሳህን አብቅላ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማየት ሳህኑ ላይ በየመድኃኒቱ የተነከሩ ክብ ወረቀቶችን የደረደረችው እሷው ናት። በማግስቱ ስታየው ባክቴሪያው ወረቀቶቹን ከቁብ ሳይቆጥር ጥግ ድረስ በቅሏል። ነጩ፣ ቢጫው፣ ባለ ሁለት ቀለሙ፣ የአጎቷ ቆርቆሮ በሙሉ ተረትቷል። ባክቴሪያውን አርቀው ዙሪያቸውን ያስከበሩት ሁለት መድኃኒቶች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ በደም ሥራቸው ይገባ ጀመር፤ በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። መግሉ ደርቆ ቤት ሲገቡ ሁለተኛው በክኒን ታዘዘላቸው፤ ለሰባት ቀን።

በሦስተኛው ቀን የግቢው ዘበኛ ትኩሳት ይዞት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሩ ላይ ቆመ። ፕሮፌሰር የቀረውን ክኒን በመዳፋቸው ይዘው ብድግ አሉ። የእህታቸው ልጅ መሐል ገባች።

«ወዴት ነው?»

«እኔ ድኛለሁ፣ ሰውዬው እሳት ሆኗል። እያየሁት ብቻዬን ልዋጥ?»

«ብቻዎን።»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?»

«ይሄን ግን አካፍሎ የበላ ነው የሚሞተው። እሱ ሐኪም ቤት ሄዶ የራሱ ይታዘዝለት። እርስዎ ይጨርሱልኝ» አለች። «ሌላ አጎት የለኝም።»

ፕሮፌሰር ዘበኛውን አዩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከእንግዳ ተደብቆ እንደሚጎርስ ሰው እያፈሩ የዕለቱን ክኒን ዋጡ። ስንት ዓመት የተናደደችባቸው ልጅ ያን ጊዜ አዘነችላቸው፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው በገዛ ደግነቱ ሊሞትባት ነበር።

ፕሮፌሰር የተረፈውን ክኒን እጇ ላይ አስቀመጡና ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

«በል ና፣ ወንድሜ» አሉት ዘበኛውን። «መድኃኒቱን ከልክላኛለች። አብሬህ ወረፋ ልጠብቅ፤ እሱን እንኳ አትከለክለኝም።»